የቦል ስክሩው ጫፍ

ሚያዝያ 2፣ 2009 ሰኞ

ከሰንበቴ የመጣ የወፍጮ ዘንግ ሳስተካክል ዋልኩ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ወንድሜ ሙስዐብ ብየዳው ጋ፣ እኔ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ጋ። አንድ ጣሪያ ሥር... ቃል አንለዋወጥም። አባባ ከሞተ ወዲህ ዘፈኑ አንድ ነው፦ ቶርኖውን እንሽጠው፣ ብየዳው ይበቃናል። ለሱ ይበቃዋል። እኔስ? ቤት ልቀመጥለት?

ሚያዝያ 4፣ ረቡዕ

አልጋና ቁምሳጥን የሚሠራው ሙህዲን መጣ። እንጨት የሚቀርጽለት የኮምፒውተር ማሽን ቆሟል። ጠረጴዛውን ወዲያ ወዲህ የሚገፋው ቦል ስክሩ ተበልቷል። አዲስ አስመጥቷል፤ ጫፉ ግን ገና አልተቆረጠም። “ፋይዛ፣ በአሮጌው ልክ አውጪልኝ” አለኝ።

ሙስዐብ ሳይጠሩት መጣ። ስክሩው ላይ 2005 የሚል ጽሑፍ አየ። “የአራት ዓመት ዕቃ ሸጡልህ እኮ!”

“ዓመት አይደለም” አልኩ። “ሃያው ውፍረቱ ነው። አምስቱ ደግሞ አንዴ ሲዞር ዳዶው ስንት ሚሊሜትር እንደሚሄድ።”

ሙህዲን ሳቀ። ሙስዐብ ፊቱ ጠቆረ። ዳዶውን ይዞ ያሽከረክረው ጀመር። “ተው፣ ከጫፉ እንዳይወጣ!” አልኩት። ሰምቶኛል። አወጣው... ውስጡ ያሉት ትንንሽ ብዮች ወለሉ ላይ ፈሰሱ።

ተንበርክኬ ስለቅም በላዬ ተራምዶ አለፈ።

ሚያዝያ 5፣ ሐሙስ

ብዮቹን በነጭ ጋዝ አጠብኩ። በግሪስ እያጣበቅኩ መለስኳቸው። ዳዶውን ስክሩው ላይ አልተውኩትም፣ እንዳይበተን ፕላስቲክ ቱቦ ላይ አስቀመጥኩት።

ስክሩው ላዩ ድንጋይ ነው። መቁረጫዬን ሸረፈው። ጫፉ እንዲለሰልስ በብየዳው እሳት እንዲያግልልኝ ሙስዐብን ለመንኩት... ለምን ለመንኩት?

“ቶርኖ የምትሠሪው አንቺ አይደለሽ?”

ላዩን በግራይንደር ገፈፍኩት። ውስጡ ለስላሳ ነው፣ እንደ ልብ ተቆረጠ። የኩችኔታውን መቀመጫ አሥራ አምስት ሚሊሜትር ላይ አቆምኩ። ኩችኔታው በእንጨት መታ መታ ሲደረግ ጥብቅ ብሎ ገባ። አልሃምዱሊላህ። ኩችኔታውን አውጥቼ ስክሩውን በጨርቅ ጠቀለልኩት። የሚቀረኝ ለማሰሪያ ዳዶው ጥርስ ማውጣት ብቻ ነው።

ሚያዝያ 6፣ ዓርብ

ኩችኔታው ይወዛወዛል!

ማይክሮሜትሩን ደጋግሜ ያዝኩበት። ሁለት መቶኛ ሚሊሜትር ጎድሏል። መቀመጫው ተጭሯል። በብርጭቆ ወረቀት ነው የተፋቀው። የሱቁ ቁልፍ ያለው እኔና ሙስዐብ ጋ ብቻ...

ከጁምዓ ሲመለስ ጠየቅኩት። አልካደም።

“አዎ፣ እኔ ነኝ። ሙህዲን ዕቃው እጅሽ ላይ ተበላሽቶ ይይ። ከሚሴ ሁሉ ይስማ። ያኔ ቶርኖውን ማን ይከለክለኛል?”

እናታችን ኡሚ ጩኸታችንን ሰምታ ከጓሮ ወጣች። “ዲሲ፣ ፋይዛ። ተዪ። ወንድምሽ ነው።”

እኔን ነው ተዪ ያለችኝ። እሱን ምንም አላለችውም።

ስክሩውን ቤት ወስጄ አልጋዬ ሥር አስገባሁት።

ሚያዝያ 8፣ እሁድ

ስክሩው ከአሮጌው ስንዝር ያህል ይረዝም ነበር። ሙስዐብ ይሄንን አላየም። የፋቀውን ቆርጬ ጣልኩና ከሥሩ እንደገና አወጣሁት። መቀመጫውም ጥርሱም አለቀ። ከቶርኖው ንቅንቅ አላልኩም። ምሳ ኡሚ ላከች፣ አልበላሁም።

ሙህዲን ሲመጣ ሙስዐብ ብየዳው ጋ ቆሞ ነበር። እሱ እየሰማ ለሙህዲን ነገርኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ።

“የዘገየሁት ወንድሜ በብርጭቆ ወረቀት ስላበላሸብኝ ነው። ሥራዬን አበላሽቶ እኔን ሊያሳማ።”

ሙህዲን ወደሱ ዞረ። “እውነት ነው?”

ሙስዐብ የብየዳ መነጽሩን ፊቱ ላይ አወረደ። የሚበየድ ነገር ግን አልነበረም።

ሚያዝያ 10፣ ማክሰኞ

የሙህዲን ማሽን ሠራ። ሄጄ አየሁት፤ ጠረጴዛው እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር... ስመለስ ሙስዐብ የቶርኖውን የመብራት መስመር ቆርጦታል።

ግንቦት 3፣ ሐሙስ

ሽማግሌዎች ውርሱን አከፋፈሉን። እሱ ወንድ ነው፣ ሁለት እጅ፤ ሱቁንና ብየዳውን ወሰደ። ለእኔ ቶርኖው። ይዤው እንድወጣም ተባለ። “ታረቁ፣ ተቃቀፉ” አሉን። “ክፍፍሉን ተቀብያለሁ” አልኩ። እርቁን አላልኩም።

ሰኔ 18፣ እሁድ፣ ዒድ

ሱቄ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ነው። ሙህዲን ሌላ ስክሩ አምጥቶልኛል፤ ከባቲም ደንበኛ መጥቷል።

ጠዋት ለዒድ ኡሚ ቤት ሄድኩ። ሙስዐብ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ተነስቶ እጁን ዘረጋ። “ዒድ ሙባረክ፣ እህቴ።” እህቴ? ከመቼ ወዲህ?

ኡሚ እያየችኝ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ጨበጥኩት።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቼ እጄን ታጠብኩ።