የጫልቱ ሶላር ከበረዶው በኋላ

ሐምሌ 14 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ጎጆ

የእህቴ ልጅ ጫልቱ ትናንት ደውላ «ኤሱማ (አጎቴ)፣ በረዶው ከጣለ ወዲህ ሶላሩ አይበራም» አለችኝ። በጎቿን ሸጣ የገዛችው «በረዶ አይሰብረውም» ብዬ ስለማልኩላት ነው። ቆርቆሮው ላይ ያሰርኩትም እኔው ነኝ፣ ራሱን ያስተማረው ቴክኒሻን።

ዛሬ ከአምቦ መጥቼ በጓሮ በኩል ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ሶላሩ በበግ አጎዛ ተሸፍኗል! ገለጥኩት፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ «ጫልቱ፣ ሞቷል፤ እርምሽን አውጪ» አልኳት። እንባዋ ሲመጣ አፈርኩና አጎዛውን ወረወርኩላት።

የባሏ አባት ኦቦ ዲንቃ ከታች ሆነው «በረዶው ሲጀምር ያለበስኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አላነሱትም?»

«ፀሐይ ስትወጣ ላነሳው ነበር። ሐምሌ ነው፣ መች ወጣች?»

በደመናም እንደሚሠራ ሳስረዳቸው ጫልቱ በሳቅ ፈረሰች። ማምሻውን መብራቱ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን በራ። እፎይ አልኩ።

ግን በረዶው ያረፈው አጎዛው ላይ ነው። መስታወቱ ይቻለው አይቻለው አሁንም አላውቅም። አጎዛው ከመሰላሉ አጠገብ ይቀመጥ ብያቸዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም።