የከለከልከኝ አንድ ጉንጭ ውሃ

ውድ ቪብረን፣

ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያዩ ኪክቦክሲንግ መማር ይቻላል? ይህን ጥያቄ ጂምህ በር ላይ ቆሜ ስጠይቅህ መልስህ ሳቅ ነበር። የኔን መልስ ባለፈው እሁድ ስኔክ ከተማ፣ የውድድሩ አዳራሽ ውስጥ አይተኸዋል፤ በጽሑፍም እንዲደርስህ ስለፈለግኩ ነው የምጽፍልህ። «እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ።

ያን ቀን ማን እንደነበርኩ ላስታውስህ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሊዋርደን ከተማ ወላጆቼ ቤት የተመለስኩ፣ ማመልከቻ እየላክሁ መልስ የምጠብቅ፣ ጉልበቴን የማደርግበት ያጣሁ ልጅ ነበርኩ። የብርዱን ወራት በሙሉ ጣሪያ ስር ባለችው ክፍሌ ስልኬን መደርደሪያ ላይ አስደግፌ አየሩን ስደበድብ ከረምኩ። አባቴ ከታች ሆኖ «ዪልዱ፣ ወለሉን ይዘሽ አናቴ ላይ እንዳትወርጂ!» ይለኝ ነበር።

ጂምህ ስገባ «እስቲ የተማርሽውን አሳዪን» አልከኝ። ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ቆምኩ። የቪዲዮው አሰልጣኝ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ስለሚቆም፣ እሱ ግራውን ሲያስቀድም እኔ በትይዩ ቀኜን እያስቀደምኩ ነበር የተማርኩት፤ ቀኝ እጀኛ ሆኜ እንደ ግራኝ። የሚያርመኝ ሰው አልነበረምና አላወቅኩም። አንተ ግን በአንድ እይታ ገባህ።

«ኑ ጉድ እዩ! ይቺ ልጅ የተማረችው ከመስታወት ነው!»

እውነትህን ነበር፤ አልክድህም። ግን «እግርሽን ቀይሪ» ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? አንተ ግን ከምርጥ ተማሪህ ከኒንከ ጋር አጋጠምከኝ። ጉበቴ ላይ በእርግጫ አለችኝ። ተንበረከክኩ፤ ትንፋሼ ጠፋ። ከላዬ ቆመህ «በይ ስልክሽን ጥሪው፣ ያንሳሽ!» አልክ።

ያ አልበቃ ብሎህ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን በስልክ የተቀረጸውን ቪዲዮ በጂሙ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ለጠፍከው። ከተማችን ትንሽ ናት። ዳቦ ቤት የስኳር ዳቦ ስገዛ ሻጯ ትኩር ብላ አየችኝና «ውይ፣ የመስታወቷ ልጅ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስቀርብም ጠያቂው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሲውጥ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ቂሜን እንደ ጥርስ መከላከያ ጎማ ነክሼ ነው የኖርኩት።

ቪዲዮህን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። መጀመሪያ የሚታየኝ የራሴ መውደቅ ብቻ ነበር። እያደር ኒንከን ማየት ጀመርኩ። በእግሯ ልትመታ ስትል ቀኝ ክርኗ ከጎኗ ብድግ ይላል፤ ጉበቷ ያለ ዘበኛ ይቀራል። በየቀኑ አጠገቧ ቆመህ ያላየኸውን፣ እኔን ለማዋረድ የለጠፍከው ቪዲዮ አሳየኝ።

ስልክ ያላስተማረኝን ለመማር ደግሞ ሃርሊንገን ከተማ፣ አሰልጣኝ ቺትስከ ዘንድ ሄድኩ። እሷም ገጽህን አይታ ኖሯል። «እግሬን ልቀይር?» ስላት፣ «ማን አባቱ ነው ጠማማ ያለው? እንዳለ ተይው! ግራኝን መግጠም ማንም አይወድም፣ ግራ ያጋባል። ያንቺ ችግር ሌላ ነው፣ የኔ ልጅ፤ ስልክ መልሶ አይመታም። ዱላ አልቀመስሽም» አለችኝ። አቀመሰችኝ። እጄ ከአገጬ በወረደ ቁጥር በያዘችው የቡጢ መለማመጃ ፓድ ጆሮዬን ታጮኸው ነበር። ያለ አስተማሪ አላሸንፍም ነበር፤ ይህን አንተው ብትሰማው ይሻላል። ያ አስተማሪ ደግሞ አንተ መሆን ትችል ነበር።

እሁድ ከኒንከ ጋር ስጋጠም የሆነውን ታውቃለህ። በሁለተኛው ዙር የኒንከ ክርን ብድግ ሲል፣ በዚያ በሳቅህበት አቋቋም ከኋላ የቀረው ግራ እግሬ ጎኗ ላይ አረፈ። ስትንበረከክ እሷን አላየሁም፤ ዓይኔ የነበረው ፊትህ ላይ ነው። አልዋሽህም፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ከዚያ ልማዱን ጠብቄ ወደ እናንተ ጥግ መጣሁ። ያሸነፈም የተሸነፈም ወደ ተጋጣሚው ጥግ ሄዶ አሰልጣኙን እጅ ይነሳል፤ አሰልጣኙም ከጠርሙሱ አንድ ጉንጭ ውሃ ያጠጣዋል። ይህን ለስንቱ ልጅ ያስተማርከው አንተ ነህ። ጎንበስ ብዬ አፌን ከፈትኩ። አንተ ጠርሙሱን ከጀርባህ ደበቅከው።

ኒንከ ጎኗን ይዛ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች «ቪብረን፣ ስጣት እንጂ! የተመታሁት እኔ፣ የምታኮርፈው አንተ?» አለችህ። ሰዉ ሳቀ። አንተ ግን አልሰጠኸኝም፤ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።

የአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ ቀርጾታል። ጠርሙሱ ከጀርባህ ሲገባ ጥርት ብሎ ይታያል። ዳቦ ሻጯ ምን ስም እንደምታወጣልህ እያሰብኩ ብቻዬን ስቄያለሁ። ገና አልለጠፍኩትም።

ሐሙስ በልምምድ ሰዓት ጂምህ እመጣለሁ። ያን ቀን የሳቁብኝ ሁሉ ባሉበት ያን አንድ ጉንጭ ውሃ እፈልጋለሁ። ካጠጣኸኝ እኔም ያንተን፣ አንተም የኔን ቪዲዮ እናጠፋለን። ካላጠጣኸኝ ከተማው ይፍረድ።

ጠርሙሱን ኒንከ ትሞላዋለች፤ ራሷ ደውላ ነግራኛለች። ካንተ የሚጠበቀው እጅህን መዘርጋት ብቻ ነው። ትዘረጋለህ ወይስ አትዘረጋም? ጻፍልኝ።

እስከ ሐሙስ የጠማት፣
የመስታወቷ ልጅ ዪልዱ