ጫማችንን አስወልቀው ፍላሽዎን ላስገቡት ሥራ አስኪያጃችን

ለነበልባል የብረት ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ለክቡር አቶ ተሰማ፣
አቃቂ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ሁለቱም እግሮችዎስ እንደምን ናቸው? እኔ የብረት መዳመጫ ማሽንዎ ተቆጣጣሪ ያህያ ጅብሪል፣ ግራ እግሬን ከጉልበት በታች ለሆስፒታል አስረክቤ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። በአደባባይ መጻፌ አደጋውን ያጣራው ኮሚቴዎ ጥፋቱን በእኔ ላይ ስለጣለና ማሽኑ ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ ሰኞ ሊነሳ መሆኑን ስለሰማሁ ነው። ምስጋናዬም እነሆ።

፩. የማሽኑን ኮምፒውተር አቧራ እንዳይነካው ብለው፣ የብረት አፍንጫ ያለውን የሥራ ጫማችንን በመቆጣጠሪያው ክፍል በር ላይ አስወልቀው በካልሲ ስላሠሩን አመሰግናለሁ። በመስከረም የልጅዎን የዮዲን ሠርግ በትልቁ ስክሪን ሊያሳዩን ሲመጡ እርስዎም በትሕትና ጫማዎን አውልቀዋል፤ የት የት ሲሰካ እንደከረመ የማይታወቀውን ፍላሽዎን ግን በር ላይ ያስቆመው አልነበረም። እኛ ስናጨበጭብ ቫይረሱ ገባ።

፪. ቫይረሱም ጨዋ ነበር። አራት ወር ሙሉ አንድ ፋይል ሳያጠፋ፣ የኮምፒውተሩን የራሱን ፕሮግራም ስም ለብሶ፣ የይለፍ ቃላችንን እየለቀመ ለጌቶቹ ሲልክና ትእዛዝ ሲጠብቅ ከረመ። የጥገናው ወልደሚካኤል ደርሶበት፣ የማሽኑ ኮምፒውተር ከቢሮው ኮምፒውተሮችና ከኢንተርኔት ይነጠል፣ የውጭ ፍላሽ ይከልከል፣ ለየሠራተኛው የየራሱ የይለፍ ቃል ይሰጠው፣ ፕሮግራሞቹ ይታደሱ፣ ማሽኑን በእጅ ጎትተው የሚያቆሙበት የእጅ ማቆሚያም የተቆጣጣሪው ወንበር አጠገብ ይምጣ ብሎ ሦስት ጊዜ ጻፈልዎ። እርስዎም ሟርተኛ ብለው ወደ መጋዘን ላኩት፤ ሥራ ያዘገያል ብለውም ጸረ ቫይረሱን አስጠፉት።

፫. በጥር ቫይረሱ የጠበቀው ትእዛዝ ደረሰውና ማሽኑ አበደ። ስክሪኑ ፍጥነቱ ልክ ነው እያለ ይዋሸኝ ነበር፤ የስክሪኑን ማቆሚያ ስጫንም ቆሟል አለኝ። በመስታወቱ የማየው ቀይ ብረት ግን እየተገረፈ ወደ ብረት ቆራጩ ወደ ሻፊ ይሄድ ነበር። ጫማ ለማጥለቅ ጊዜ ስላልነበረ የጋለውን የብረት ቅርፊት በካልሲ እየረገጥኩ ወደ እጅ ማቆሚያው ሮጥኩ። ስጎትተው ብረቱ የሻፊን ደረት በስቶ ወጥቶ ነበር፤ ጭራው ዞሮ በእኔ ቅልጥም ላይ ተጠመጠመ። ሻፊ የጮኸውን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ክቡርነትዎ፣ በትሕትና ልንገርዎ፣ እጠላዎታለሁ።

፬. ኮሚቴዎ ከሁለት ሳምንት ጥናት በኋላ “ሠራተኛው ያለ ደኅንነት ጫማ በመገኘቱ” ጥፋተኛ ነው ብሎ ስለፈረደብኝ ለማመስገን ቃላት ያጥሩኛል።

ቫይረሱ ዛሬም እዚያው አለ፤ ሰኞ ወንበሬ ላይ የምትቀመጠው ደግሞ ሌንሳ ናት። ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ ፕሮግራሙ ከንጹሕ ቅጂ እስኪጫን፣ ወልደሚካኤልም አይቶ እሺ እስኪል ድረስ ማሽኑን እንዳያስነሱ እለምናለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና በሰላም የሚተኙበት አልጋ ከመመኘት ጋር፣
በአንድ እግሬ ቆሜ እጅ የምነሳዎ፣
ያህያ ጅብሪል

ማስታወሻ፦ ማሽኑ ለሰው አያሰጋም ብለው የፈረሙበትን ወረቀት ሌንሳና የፈረቃዋ ሠራተኞች አንብበው እጅግ ተደስተዋል። ስለዚህ ሰኞ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት እርስዎ እንዲሠሩላቸው፣ እነሱም ከግቢው በር ውጭ ሆነው እንዲጠብቁ በአንድ ድምፅ ተስማምተዋል። ወንበሩን ወልውለንልዎታል።