ካሜራውና ኮምፒውተሩ ታረቁ

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ዓለምነው፣ ጎንደር።

ሰላምታዬ ከእስራኤሏ አሽቀሎን ተነሥቶ ጉልበትዎን ይሳምልኝ። እኛ በቸርነቱ ደህና ነን፤ ይሄ የባሕር ሙቀት ብቻ አላስቀምጥ ብሎናል።

ጋሼ፣ አሸነፍኩት! ከእርስዎ ጋር ልንተያይ ስንል ሰማያዊ ሆኖ የሚጠፋውን ኮምፒውተሬን ራሴ ጠገንኩት። ሚግዳል ሰፈር ያለው ጠጋኝ «ግቬሬት (እመቤቴ)፣ አርጅቷል፣ ጣይው» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ እልሄ መጣ። ካሜራውን ስነቅለው ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ስሰካው ድርግም! ለካስ ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው፤ ካሜራውንና ኮምፒውተሩን የሚያነጋግረው ፕሮግራም፣ እንደኔ አስተርጓሚ ማለት ነው። መጥፎ አስተርጓሚ ሁለት ሰው እንደሚያጣላ ደግሞ ከኔ በላይ ማን ያውቃል! ያንን አባርሬ ከካሜራው ሠሪዎች ድረ ገጽ ትክክለኛውን አውርጄ ጫንኩ። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ አንዴም አልጠፋ! እልልታዬን የሰማችው ጎረቤቴ ኢሪት ሠርግ መስሏት ከረሜላ ይዛ መጣች።

አሁን የቀረው የእርስዎ ካሜራ ነው። ከፋሲካ ወዲህ «ተበላሸ» ስላሉኝ በድምፅ ብቻ ነው የምንጠያየቀው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ባየ አዲስ ካሜራ ይዟል፤ ሰክቶ፣ አብርቶ፣ እርስዎን ፊት ለፊቱ ሳያስቀምጥ ንቅንቅ እንዳይል አስምዬዋለሁ። በምሠራበት ክሊኒክ፣ በኩፓት ኾሊም፣ ሽማግሌዎቻችን ሐኪሙ ምን ቢጠይቃቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚሉት። እኔ ግን ፊታቸውን ሳላይ ተርጉሜ አላውቅም።

ሰላምና ጤና ለቤትዎ ይብዛ። ሰንበት ሲወጣ እደውላለሁ፤ «ደህና ነኝ» የሚሉኝን ካሜራው ፊት ሆነው ይበሉኝ።

እህትዎ ትሁን