የእናቴ «እሺ»

ይድረስ ለተከበሩ የዕዳ አስመላሽ ድርጅት የሕግ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም እናቴን በየማለዳው ለሚቀሰቅሰው ስልክዎ ረጅም ዕድሜና ጤና እመኛለሁ። እኛ ከደብዳቤዎ በስተቀር ደኅና ነን።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ጉዳዩን ላስታውስ። ሟች አባቴ ለልብስ ሰፊዋ እናቴ የስፌት መኪና በዱቤ ገዝቶላት ነበር። ባለሱቁ ወዳጁ ስለነበር ገንዘቡን በእጁ ሲሰጠው ደረሰኝ መጠየቅ አፈረ። ከዚያ ሱቁ ተዘጋ፣ ባለሱቁም አባቴም አለፉ፤ የዱቤው ወረቀት ግን ዕድሜ ሰጥቶት እርስዎ እጅ ገባ። እርስዎም ካልከፈልን መኪናው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሚወሰድ አስታወቁን። ስለዚህ ቅሬታዬን ከምስጋና ጋር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ደብዳቤዎ እስከ ዛሬ በአባቴ ስም ስለሚመጣ እናመሰግናለን፤ ከቀብሩ ወዲህ «ክቡር» ብሎ የጠራው ከእናንተ በቀር ማንም የለም። «በአካል ቀርበው ያነጋግሩን» የሚለውን ግን እንዴት እንደምናደርሰው ቸግሮናል።

፪ኛ፦ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን እንደነገሩን፣ ዕዳው ከማርጀቱ የተነሣ በይርጋ ሊቀር ይችል ነበር። ተኝቶ የነበረውን የቀሰቀሰችው እናቴ ናት አሉ፤ በስልክ «እሺ» ብላ። ደብዳቤዎም «ባለቤትዎ ዕዳውን በቃላቸው አምነዋል፤ ድምፃቸውም ተቀርጿል» ይላል። ክቡር ሆይ፣ እርስዎም እናት ይኖርዎታል ብዬ እገምታለሁ። የኔዋ ስትሰማም «እሺ» ነው፣ ሳትሰማም «እሺ» ነው። ለማትገዛው ሻጭ እሺ ትላለች፤ ለማትሄድበት ግብዣ እሺ ትላለች፤ ሰው ፊት እምቢ ማለት ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት ናት። ሠራተኛዎ ሲያጣድፋት እሺ እሺ ያለችው ወደ ስፌቷ እንዲለቃት ብቻ ነበር።

ደግሞስ ይህን ላስረዳ ቢሮዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ፣ የእንግዳ መቀበያዋ እመቤት «እሺ፣ አጣርተን እንደውላለን» ብላ በፈገግታ ሸኝታኝ ነበር። የደወለ የለም፤ የመጣልን የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። የእናቴ እሺ ዕዳ ከሆነ የእናንተን እሺ ምን ብዬ ልጥራው?

፫ኛ፦ ይኼኛው ቅሬታ ይሁን አይሁን እንጃ። እናቴ ድምፅዋ መቀረጹን ከሰማች ወዲህ እሺ ማለት ትታለች። ምሳ ቀርቧል ስላት ዝም ትላለች። ቀሚስ ይጥበብልኝ ብለው ለሚመጡ ደንበኞችም መልስ ስለማትሰጥ ግራ ገብቷቸው ልብሳቸውን ይዘው ይመለሳሉ። የቤታችን መተዳደሪያ ያ መኪና ብቻ ነው፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም የለንም፤ ወደ ማን አቤት እንደምንልም አላውቅም። ይህን የምጽፈው ሌላ የማደርገው ነገር ስላጣሁ ነው።

ጊዜዎን ወስደው እስከዚህ ካነበቡልኝ፣ ካላነበቡልኝም እንዳነበቡልኝ ቆጥሬ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

በቃሏ የተያዘችው የልብስ ሰፊ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ የቀጠሮው ቀን በመቃረቡ እናቴ ትናንት መኪናውን ፈታታ ዘይት ስትቀባውና ስትወለውለው ዋለች፤ ሊወስዱት የሚመጡት ሰዎች ቆሽሾ እንዳያገኙት አፍራ ነው። ለሚረከበው ሰው እንድነግርላት የላከችው መልእክትም አለ፦ መሽከርከሪያውን ሁልጊዜ ወደ ራሱ ያዙረው፣ ወደ ውጭ ካዞረው ክሩ ይበጠሳል። እባክዎ እሺ ይበሏት። አይሥጉ፣ እኛ ድምፅ አንቀርጽም።