ሦስተኛው ቅጠል

ሚያዝያ 3፣ ነገሌ
ሌሊት ዘንቧል። ባጃጁ እስከ ማሳው አልገባም አለ... በእግሬ። ቦሎቄዎቹ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥተዋል። እነዚህ ምንም አያሳብቁም፤ ሁሉም ሰፊ ናቸው። ወሬው ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

ሚያዝያ 5
ጁነይድ ከሻኪሶ ደወለ። "ሚስትህ የት ናት ሲሉኝ፣ ቅጠል አግብታለች እላቸዋለሁ።" ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሁለት ዓመት ሱቅና ልጅ ለብቻው... ፈርሃናዬ እናቷን በስልክ ነው የምታውቀው። ይሄ ወቅት የመጨረሻዬ ነው፣ ወላሂ አልኩት።

ምን ብዬ ላስረዳው? በድርቁ አረንጓዴ ሆኖ የቀረውን ጠባብ ቅጠል ከሰፊው ጋር አዳቀልኩ። ልጆቹ ሁሉ ሰፊ ወጡ። ግን ጠባብነቱን የሚያዘው አንድ ጂን ከሆነ አልጠፋም፣ ተደብቋል እንጂ። አሁን የበቀሉት የልጅ ልጆቹ ናቸው። ከአራት አንዱ ጠባብ ካወጣ ገባኝ ማለት ነው። ካላወጣ... ሁለት ዓመቴን ውሃ በላው።

ሚያዝያ 8
ወባ። አልጋ ላይ ነኝ።

ሚያዝያ 14
ተነሳሁ። ማሳው ንጹሕ ነው... በጣም ንጹሕ። ጠባቂው ኦቦ ዶዮ ደስ ብሏቸው ቆመዋል።
"አካም ጅርታ፣ ተሻለሽ? የታመመውን ሁሉ ነቅዬልሻለሁ።"
"የትኛውን ኦቦ?"
"ቅጠሉ የቀጠነውን ነዋ! የታመመ ካዩ ይንቀሉ አላልሽኝም?"
ብያለሁ። ጠባቡ ምን እንደሚመስል ግን አላሳየኋቸውም። ገና መች ወጥቶ!
"የት ጣሉት?"
"ለፍየሎቹ።"
ወጥቶ ነበር ማለት ነው! ግን ስንት ከስንት? ማን ያምነኛል? መቆጣት እንኳ አቃተኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሽማግሌው ደንግጠው ውሃ አመጡልኝ።

ሚያዝያ 16
ከቀሩት ሰፊዎች ብዙዎቹ ጠባቡን ደብቀው ይዘዋል። ዘራቸውን ለቅሜ በመስከረም ብዘራ እንደገና ይወጣል። ግን ምያለሁ። ደግሞስ በምን አቅሜ? ሻንጣዬን ከአልጋው ስር ጎተትኩ።

ሚያዝያ 17
ለጁነይድ ደወልኩ። "አለቀ፣ እመጣለሁ።"
"ወጣ ጠባቡ?"
የሆነውን ነገርኩት።
"ታዲያ ለምን ትመጫለሽ?"
"ማልኩልህ እኮ!"
"ሳትጨርሺ መጥተሽ ዕድሜ ልኬን ልትነጫነጪብኝ? ተይው። እኛ እንመጣለን። ሱቁን ሀሺ ይይዘዋል።" ሀሺ ታናሽ ወንድሙ ነው።
አሁንም ደክሞኛል... ግን ደስ ብሎኛል። ቅዳሜ ይገባሉ። ሰፋ ያለ ፍራሽ መግዛት አለብኝ። ፈርሃና ተኝታ ትራገጥ ነበር። አሁንም ትራገጥ እንደሆነ አላውቅም።