ቤቴ ለገቡት ሹም፣ እንኳን ደኅና ገቡ

ለተከበሩ የመተማ የጣሊያን ሹም፣
በቤቴ፣
መተማ።

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? የቆላው ንዳድ፣ ትንኙና ምስጡ ከክብርዎ ይራቅልዎ እያልን፣ እኔና ባለቤቴ ካሰች ከወንዙ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት፣ እጅ እንነሳለን። በሰው አገር አዲስ ቤት መልመድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከእኔ የበለጠ የሚያዝንልዎ የለም፤ በሚያዝያ ፲፱፻፳፰ ዓ.ም. እርስዎ ቤቴ ሲገቡ፣ እኔም በዚያው ሳምንት የነጋዴውን የሷሊህን የሽንኩርት መጋዘን ተከራይቼ ገብቻለሁና። የመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ወደ ቤቴ ስለሚያይ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አኗኗርዎን ሳይ ከርሜ ጥቂት ነገር ባመለክት እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

አንደኛ፣ የሣር ክዳኔን አንስተው ቤቱን ቆርቆሮ ስላለበሱልኝ አመሰግናለሁ። በመተማ ሐሩር ቆርቆሮ ሥር ለመዋል የቆረጠ ሰው እስከዛሬ አልነበረንም። እኩለ ቀን ላይ በውስጥ ሱሪ ብቻ ሮጠው ሲወጡ፣ የገላባት ገበያተኛ ሚዛኑን አስቀምጦ ያይዎታል።

ሁለተኛ፣ አባቴ ሽምግልና ተቀምጠው ሰው ያስታርቁበት የነበረውን የቁርቁራ ዛፍ አስቆርጠው በቦታው የባንዲራ እንጨት ስለተከሉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ብቻ የእንጨቱ ጥላ ቀጭን ሆኖብዎ፣ ወንበርዎን ተሸክመው ከጧት እስከ ማታ አብረውት ሲዞሩ ሳይ፣ ቁርቁራው ቢኖር አንድ ቦታ ተቀምጠው በዋሉ እያልኩ አዝንልዎታለሁ።

ሦስተኛው ውሻዬ ነው። ሥጋ እያበሉ ስላወፈሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ወንዙ ዳር ወርጄ በስሙ ብጠራው ጮኸብኝ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላልና አልፈርድበትም፤ ግን ከሁሉም ይኸኛው አመመኝ፣ ያን ቀን እህል አልበላሁም።

ካሰች እስካሁን ጓዟን አልፈታችም። የምንተኛበት የቆዳ ጀንዲ ከነጥቅሉ፣ ዕቃው ከነእስሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ሷሊህ ባዋሰን አንድ ጣሳ ተራ በተራ እንጠጣለን። ቤቷ ማዶ ቆሞ እየታያት ሌላ ቤት ገባሁ እንደማትል ለእሱም ነግራዋለች። እርስዎ ግን መጋረጃውን ሰቅለው፣ ድስቱን ዘርግተው፣ ሁሉን ፈትተው ተቀምጠዋል። በጥድፊያ ለሚነሳ ሰው የተፈታ ጓዝ ጭንቅ መሆኑን እኛ ስለቀመስነው፣ አስቀድመን ልንነግርዎ ወደድን።

ቤቴን እስኪለቁልኝ ድረስ ዓይኔን ከክብርዎ የማልነቅል፣

አዛናው ሰጠኝ
የቤቱ ባለቤት፣ ለጊዜው የሽንኩርት ጎረቤት
ገላባት፣ ሰኔ ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ለገላባት ገበያተኛ በሙሉ፤ በሷሊህ ሱቅ በር ላይ ተለጥፏል።

ማስታወሻ፦ ይህችን ጨምር ያለችኝ ካሰች ናት። ነጭ አጎበርዎ በመስኮቱ ስለሚታየን፣ አልጋዎን ከምሥራቁ ግድግዳ ሥር እንደዘረጉ አውቀናል። እዚያው ከአልጋው ሥር፣ አፈር የለበሰ፣ ሁለት ሰው ቁመት የሚጠልቅ የማሽላ ጉድጓዳችን አለ፤ መክደኛ እንጨቱን ምስጥ መብላት የጀመረው ገና እኛ ሳንወጣ ነበር። የምንሰጋው ለማሽላው ነው። መተማ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ በሦስት ዓመት ግን አንድ የነገረዎት የለም። አስተርጓሚዎም እዚህ ላይ ሲደርስ ሳል ከያዘው፣ እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው።